ብሪጅና ኢምፕላንት፦ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይዤ ስመዝናቸው

በአፌ ውስጥ ሁለቱም አሉ። በታችኛው መንጋጋዬ በግራ በኩል 14 ዓመት ያገለገለ ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ፣ ማለትም በጎረቤት ጥርሶች ላይ የተደገፈ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ 5 ዓመት የሞላው ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ በተቀበረ ብሎን ላይ የቆመ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ። ሁለቱም የገቡት በአንድ ዓይነት ጥርስ ምትክ ነው፤ በግራም በቀኝም ያጣሁት በ6 ዓመት ዕድሜ አካባቢ የሚበቅለውን፣ ብዙ ሰውም ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነቀልበትን የመጀመሪያውን ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ነበር። ይህ ማንም የሚመኘው አጋጣሚ አይደለም። ሆኖም ሁለቱን ሕክምናዎች በአንድ አፍ፣ በአንድ ዓይነት ንክሻና በአንድ ዓይነት የጽዳት ልማድ ለመመዘን ዕድል ስለሰጠኝ፣ ምርጫው ለተደቀነበት ሰው ያየሁትን በዝርዝር ማስፈሩ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው ሁለት ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን እንደከፈተ ተገልጋይ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ የለውም። አስቀድሞ መታየት ያለበት ክፍተቱን ከፊትና ከኋላ ይዘው የቆሙት ሁለት ጥርሶች ያሉበት ሁኔታ ነው። ጎረቤቶቹ ጤነኛና ያልተነኩ ከሆኑ ኢምፕላንቱን እመርጣለሁ፤ ለዚህ ምርጫዬም ብዙ ማስረጃ መደርደር አያስፈልገኝም፤ አንድን ጤነኛ ጥርስ ለሌላው ሲባል መሞረድ ምን ማለት እንደሆነ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ በትልልቅ ሙሌት የተጠገኑ፣ የሥር ሕክምና የተደረገላቸውና ዛሬም ባይሆን ነገ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ፣ የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ግን፣ ብሪጁ አንዳንዶች እንደሚሉት የድሮ ሰው ምርጫ አይደለም፤ በአንድ ሥራ ሦስት ችግር የሚፈታ የበሰለ ሕክምና ነው።

ብሪጅ ስሙ እንደሚያመለክተው ድልድይ ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ምሰሶ ይሆናሉ፤ ዙሪያቸውንና ጫፋቸውን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተሞርደው ከቀጠኑ በኋላ ልካቸው ይወሰዳል፤ ላቦራቶሪው እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት ክራውኖችን ሠርቶ ይልካል፤ ሁለቱ በምሰሶዎቹ ላይ እንደ ቆብ ይጠለቁና በሲሚንቶ ይጣበቃሉ፣ መካከለኛው ግን ሥር ስለሌለው ድዱን ነካ አድርጎ በጎረቤቶቹ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። የእኔው ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርሰሊን ነው፤ ዛሬ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ የሚሠራውም ተለምዷል። ሥራው ከመጀመሪያው ሙረዳ እስከ መጨረሻው ማጣበቂያ ሁለት ሳምንት ብቻ ወሰደ፤ በመካከሉም ጊዜያዊ ፕላስቲክ ስለተደረገልኝ አንድም ቀን ክፍተት ይዤ አልዋልኩም። ለፍጥነት የሚሰጥ ነጥብ ካለ ብሪጁ ሙሉውን ይወስዳል።

ቅሬታዬ ያለው ከሙረዳው ላይ ነው። ከኋላ ያለው ምሰሶ ቀድሞውኑ ግማሽ አካሉ ሙሌት የነበረ ጥርስ ስለሆነ ክራውን ማግኘቱ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም። ከፊት ያለው ትንሹ መንጋጋ ጥርስ ግን አንድ ነቁጥ እንኳ ያልነበረበት ነበር። በወቅቱ የሄድኩበት ክሊኒክ ይህን ልዩነት አላነሳልኝም፤ ኢምፕላንት የሚባል ሌላ መንገድ ስለመኖሩም በቅጡ አልተነገረኝም። መሞረጃው ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው፤ ውኃ እየረጨ ይሽከረከራል፤ አፍ ውስጥ የሚቀረውም የደቀቀ ድንጋይ የመሰለ ዱቄት ነው። ማደንዘዣ ስላለ ሕመም የለም። ሲያልቅ በእጅ መስታወት አየሁት፦ ጠዋት ሙሉ የነበረው ጥርሴ ወደ ጫፉ የሾለ፣ ቢጫ የሆነ ጉቶ ሆኗል። የላይኛው ነጭ መስታወታማ ሽፋን አንዴ ከተነሣ ተመልሶ አያድግም፤ ያ ጥርስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕድሜ ልኩን ቆብ ለባሽ ነው። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስብበት ነበር።

ከዚህ በተረፈ ብሪጁን በበጎ ማንሣት አለብኝ፤ ያለ አንዳች ችግር ብዙ ዓመት አገልግሎኛል። ስታኘክበት ስሜቱ የራስ ጥርስ ነው፤ ምክንያቱም ከሥሩ ያሉት ምሰሶዎች የራስ ጥርሶች ናቸው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጥታ ሳይሆን በቀጭን ጅማት ነው፤ ጅማቱ እንደ ትራስ ጫናን ያለዝባል፣ ከዚያም በላይ የጫናውን መጠን ለአእምሮ የሚያሳውቁ ነርቮች አሉበት። ብሪጁ ይህን ሁሉ ይዞ ይቀጥላል። የሚጠይቀው ዋጋ ጽዳቱ ነው። ሦስቱ ክራውኖች የተያያዙ ስለሆኑ የጥርስ ክር ከላይ ወደ ታች መግባት አይችልም፤ ጠንካራ ጫፍ ያለውን ክር እንደ መርፌ ከጎን ማሾለክ፣ በተንጠለጠለው ጥርስ ሥር ማሳለፍና በሌላው በኩል መሳብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን አምስት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን አንድ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ሳምንት የተዘለለ እንደሆነ ግን ክሩ ይዞት የሚወጣው ሽታ ራሱ ወቃሽ ነው። ከክራውኑ ጠርዝ ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ መበስበስ ከጀመረ፣ የሚጎዳው ምሰሶው ሲሆን ምሰሶው ሲወድቅ ሦስቱም ጥርሶች አብረው ይወድቃሉ። የብሪጅ ትልቁ ድክመት ይህ የጋራ ዕጣ ነው።

ወደ ቀኙ ልሻገር። ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበር የቲታኒየም ብሎን ነው፤ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱም 10 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። በላዩ ላይ ማያያዣ አንገት ይታሰራል፣ በአንገቱ ላይ ክራውን ይቀመጣል። ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው አጥንት ቲታኒየምን እንደ ባዕድ ሳይገፋ አቅፎት በማደጉ ላይ ነው። ይህን የተረዳው ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸሎች እግር አጥንት ውስጥ ያስገባው የቲታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልነቀል ስላለው ነበር። የመጀመሪያው ታካሚ ዮስታ ላርሶን እ.ኤ.አ. በ1965 ተተክሎለት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሞት ያኔ የተደረጉለትን ኢምፕላንቶች እንደተጠቀመባቸው ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሻጮች ይህን ታሪክ መጥቀስ ይወዳሉ፤ እውነትም ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ታሪክ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

የእኔ ከመነቀል እስከ ክራውን 7 ወር ወሰደ። የሥር ሕክምና የተደረገለት ጥርሴ ለሁለት ስለተሰነጠቀ ተነቀለ፤ ቁስሉ እስኪሞላ 3 ወር ጠበቅሁ፤ ብሎኑ ገባ፤ አጥንቱ እስኪይዘው ሌላ 3 ወር፤ ከዚያም ልክ ተወስዶ ክራውኑ ተሠራ። አንዳንድ ሰው በተነቀለበት ዕለት ብሎኑ ይገባለታል፤ ያ ግን አጥንቱና ቁስሉ ሲፈቅዱ የሚደረግ ነው እንጂ በጥያቄ የሚገኝ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ነገር አለ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ያጣና መሳሳት ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት የጠርዙ ስፋት በግማሽ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል፣ ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እንደሚከሰት ተለክቷል። ስለዚህ እስካስብበት ድረስ ብሎ ክፍተቱን ለዓመታት ትቶ የሚመለስ ሰው፣ ብሎኑን የሚሸከም በቂ አጥንት ላያገኝና ተጨማሪ የአጥንት ሙሌት ሊታዘዝለት ይችላል። ለብሪጅ ግን ይህ ብዙም አያሰጋም፤ የተንጠለጠለው ጥርስ አጥንት አይፈልግምና። ሆኖም አጥንቱ ከሥሩ እየሟሸሸ ሲሄድ በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ በቀስ ክፍተት ይፈጠራል፤ የእኔ አሁን የክብሪት እንጨት ያሾልካል።

ከመተከሉ በፊት በሲቲ ስካን ተነሣሁ። ለታችኛው መንጋጋ ይህ ትርፍ ወጪ አይደለም፤ ከንፈርንና አገጭን የሚያነቃው ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ያልፋል፣ የብሎኑ ጫፍም ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሚሊሜትር መራቅ አለበት። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ችግሩ ከመንጋጋ ጥርሶች በላይ ያለው ባዶ የአየር ክፍል ነው። ተከላው ራሱ ከጠበቅሁት ቀላል ነበር፤ ጥርስ ከመንቀል ያነሰ ነው ብል አላጋነንኩም። ድድ ይሰነጠቃል፣ በቀጭን መብሻ ይጀመራል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ በሚሰፉ መብሻዎች ቀዳዳው ይሰፋል። የሚረብሸው ድምፁ ነው፤ በጆሮ ሳይሆን በራስ ቅል ስለሚሰማ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ነርሷ ቀዝቃዛ ጨዋማ ውኃ ሳታቋርጥ ስታፈስስ ነበር፤ ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት፦ አጥንት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ካገኘው ይጎዳል፣ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብሎኑን አያቅፍም። በመጨረሻ ሐኪሙ ብሎኑን በእጅ ቁልፍ ሲያጠብቀው መንጋጋዬ አብሮ ሲጎተት ተሰማኝ። ሦስት ቀን አበጠ፤ በሳምንቱ ስፌቱ ወጣ፤ በቃ።

ክራውኑ የተገጠመበት ቀን ግን አንድ የማልረሳው ነገር አሳየኝ። ሐኪሙ ከወረቀት እጅግ የሳሳ የብረት ቅጠል በመቆንጠጫ ይዞ በጥርሶቼ መካከል አኖረና፣ መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ቀጥሎ አጥብቄ እንድነክስ አዘዘኝ። ቀስ ብዬ ስነክስ ቅጠሉ ከኢምፕላንቱ ላይ ሳይያዝ ተንሸራትቶ ወጣ፣ ከጎረቤቶቹ ላይ ግን ተያዘ፤ አጥብቄ ስነክስ ሁሉም ላይ ተያዘ። ስህተት መስሎኝ ጠየቅሁት። ሆን ተብሎ ነው አለኝ። የተፈጥሮ ጥርስ ሲጫኑት በጅማቱ ምክንያት እስከ 100 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) ድረስ ይሰምጣል፣ ኢምፕላንት ግን ጅማት ስለሌለው የሚንቀሳቀሰው ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ እኩል ከፍታ ከተሰጠው ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ይህን ከገለጸልኝ ወዲህ በሁለቱ ጎኖቼ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ሆነልኝ። በግራ ሳኝክ ምን ያህል እንደምጫን አውቃለሁ፤ በቀኝ ሳኝክ ግን ስሜቱ ደነዝ ያለ፣ በእንጨት ላይ እንደማንኳኳት ያለ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አእምሮ ይለምደዋል፤ ዛሬ ካላሰብኩት አላስተውለውም። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ግን ይህን በቁም ነገር ሊያየው ይገባል፤ የጫና ማስጠንቀቂያ የሌለው ጥርስ ክራውኑን ሊሰብር፣ ብሎኑን ሊያላላ ይችላል።

የእኔም ላላ፤ እኔ ግን ጥርሴን አላፋጭም። ክራውኑ በገባ በ14ኛው ወር አካባቢ አንድ ጠዋት በምላሴ ስገፋው ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሙሉው ተከላ የከሸፈ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዘልኝም። የላላው ከአጥንት ውስጥ ያለው ብሎን ሳይሆን፣ አንገቱን ከእሱ ጋር የሚያስረው ትንሿ ብሎን ነበረች፤ መፍትሔውም የክራውኑን ጫፍ ሙሌት ከፍቶ፣ በልዩ ካቻቪቴ አጥብቆ፣ መልሶ መድፈን ነው፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ። ነገር ግን የተከለልኝ ክሊኒክ ያኔ ሥራ አቁሞ ስለነበር ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ እሱም የመጀመሪያ ጥያቄው የምን ፋብሪካ ኢምፕላንት ነው የሚል ሆነ። አላውቅም። የተሰጠኝ ወረቀት የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ ነበር። በገበያ ላይ ያሉት የኢምፕላንት ዓይነቶች እጅግ ብዙ ሲሆኑ የየራሳቸው ካቻቪቴ፣ የየራሳቸው ማያያዣ አላቸው፤ ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ ከቅርጹ እየገመተ፣ መሣሪያ እያስመጣ፣ የሃያ ደቂቃው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ኢምፕላንት የሚያስተክል ሰው የፋብሪካው ስም፣ የብሎኑ ስፋትና ርዝመት፣ የምርት ቁጥሩም የሰፈረበት ካርድ ሳይቀበል ከክሊኒኩ መውጣት የለበትም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ካለ ይህን ቢይዝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አዳነኝ፦ ክራውኑ በብሎን የታሰረ ነበር። በሲሚንቶ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ ክራውኑን መስበር ሊያስፈልግ ይችል ነበር፤ በዚያ ላይ ከድድ ሥር የሚቀር የሲሚንቶ ፍርፋሪ ራሱን የቻለ የድድ ቁጣ መነሻ ነው።

ኢምፕላንት አይበሰብስም፤ ይህ እውነት ነው፣ ብረት ትል አይበላውም። ሻጩ እዚህ ላይ ያቆማል። በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ሕያው ናቸው፤ ቆሻሻ ከተከማቸ ድዱ ይቆጣል፣ ቁጣው ወደ አጥንት ከወረደም አጥንቱ ከብሎኑ እየሸሸ ይሄዳል። ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው ሕመም አለመኖሩ ነው፤ ሲቦርሹት መድማት፣ ሲጫኑት መግል መውጣት፣ ከዚያ በላይ የሚጮህ ምልክት የለም። ሲጋራ የሚያጤስ፣ ስኳሩ ቁጥጥር ውስጥ ያልገባ፣ ቀድሞ በድድ በሽታ ጥርሱን ያጣ ሰው አደጋው ይበረታበታል። መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ወይም ለአጥንት መሳሳት ተብለው የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን ለጥርስ ሐኪሙ ሳይናገር ወንበሩ ላይ መውጣት የለበትም። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅም አይተከልለትም፤ መንጋጋው ሲያድግ ሌሎቹ ጥርሶች አብረው ሲወጡ ብሎኑ ባለበት ይቀራልና።

በነገራችን ላይ አዋቂ ሆኖም ቢሆን ጥርስ ከመንቀሳቀስ አያርፍም። የተፈጥሮ ጥርሶች ዕድሜ ልክ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ኢምፕላንቱ ግን በቦታው የተቸነከረ ነው። በአራተኛው ዓመት በኢምፕላንቴና ከፊቱ ባለው ጥርስ መካከል ቀድሞ ያልነበረ ቀዳዳ ተከፈተ፤ አሁን የበላሁት ሁሉ እዚያ ይሸጎጣል። ትንሽ የመሃል ብሩሽ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። ክራውኑ በብሎን የታሰረ ስለሆነ አውልቆ ጎኑን መሙላት እንደሚቻል ተነግሮኛል፤ እስካሁን በስንፍና አልሄድኩም።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ የሚወራውና የሚለካው የተለያየ ነው። ኢምፕላንት ለዘላለም፣ ብሪጅ ለጊዜው የሚለው አባባል ሥር ሰድዷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ግን ከ10 ዓመት በኋላ በቦታቸው የተገኙት ሁለቱም ከመቶ 89 ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል፤ በምሰሶ ጥርሶች ላይ የተሠራ የተለመደ ብሪጅም፣ ክራውን የተሸከመ ነጠላ ኢምፕላንትም። በ10 ዓመት ውስጥ እኩል ናቸው ማለት ነው። ልዩነቱ ሲበላሹ የሚመጣው ነው። ኢምፕላንት ቢከሽፍ የሚጠፋው ራሱ ኢምፕላንቱና ጥቂት አጥንት ሲሆን ጎረቤቶቹ አይነኩም፤ ብሪጅ ቢከሽፍ ግን ምሰሶ ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ የአንድ ጥርስ ክፍተት የሁለት ጥርስ ክፍተት ይሆናል። ወጪውም እንደዚሁ ነው፤ ኢምፕላንት በአብዛኛው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ በተለይ የአጥንት ሙሌት ከተጨመረበት፤ ብሪጅ መጀመሪያ ላይ ቀለል ብሎ ሲቀየር ደግሞ እንደገና ያስከፍላል። ስሌቱን ለ20 ዓመት ያደረገ ሰው አንድ መልስ፣ ለ5 ዓመት ያደረገ ሌላ መልስ ያገኛል።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ልለፋቸው። ለፊት ጥርስ፣ ጎረቤቱን ብዙም ሳይሞርዱ በጀርባው ላይ በክንፍ የሚጣበቅ ብሪጅ አለ፤ ኢምፕላንት ለማስገባት ዕድሜው ላልደረሰ ወጣት መልካም መሸጋገሪያ ነው፣ ለመንጋጋ ጥርስ ግን አልመክረውም። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ርካሽ ነው፣ ለአንድ ጥርስ ብሎ የሚታገሠው ግን ጥቂት ነው። ባዶውን መተውም ምርጫ ነው፤ የኋለኛው መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ብዙ ሰው ሳይቸገር ይኖራል። መሃል ላይ ሲሆን ግን ከኋላ ያለው ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብል፣ ከላይ ያለው ተቀባይ አጥቶ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ኢምፕላንቱም ብሪጁም መግቢያ ያጣሉ።

ባለፈው ወር ለምርመራ ስሄድ በግራው ብሪጅ ላይ ዜና ነበር። ከፊት ያለው ምሰሶ፣ ያ ጤነኛ እያለ የተሞረደው ትንሽ ጥርሴ፣ ከክራውኑ ጠርዝ ሥር መበስበስ ጀምሯል፤ ራጁ ላይ ጥላው ይታያል። ሥሩ ጤነኛ ስለሆነ ጥርሱ ይድናል፣ ብሪጁ ግን ተቆርጦ መውጣት አለበት። ኢምፕላንት ወዳድ ነኝ ብዬ ስለማስብ መሃሉን አስተክላለሁ፣ ምሰሶዎቹን ነፃ አወጣለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አዞረልኝ። ጥርስ ሳይሸከም 14 ዓመት የቆየው አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ቀጥኗል፤ ብሎን ለማስገባት አስቀድሞ የአጥንት ሙሌትና ወራት የሚፈጅ ጥበቃ ይጠይቃል። ሁለቱ ምሰሶዎች ደግሞ ቀድሞውኑ ተሞርደዋል፤ ኢምፕላንት ገባም አልገባም እያንዳንዳቸው ክራውን መልበሳቸው አይቀርም። የሚተርፍ ጤነኛ ጥርስ በዚያ በኩል የለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ብሪጅ ልክ እወስዳለሁ፤ በዚርኮኒያ።